በአርቪ እየዞሩ ለሚሠሩ፦ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት እንዴት ይያዛል?

ሥራዬ የርቀት አስተርጓሚነት ነው። ሐኪም በአንድ በኩል፣ ታካሚ በሌላ በኩል፣ እኔ መሃል። ጥሪው የሚገባልኝ በኢንተርኔት ነው። የምኖረው ደግሞ አርቪ በሚባለው የመኖሪያ መኪና ውስጥ ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ የሥራ ጠረጴዛው ሁሉ አብሮን ይዞራል። ባለቤቴ ቪዲዮ ኤዲተር ነው። እኔ የምልከው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱ የሚልከው ግን ግዙፍ ፋይል ነው። በአንዲት መኪና ውስጥ ሁለት የማይመሳሰል ፍላጎት አለ ማለት ነው።

ሰዎች ስለዚህ ኑሮ ሲጠይቁኝ ቀድመው የሚያነሱት ፍጥነትን ነው። «ስንት ሜጋ ታገኛላችሁ?» ይሉኛል። ለእኔ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የድምፅ ጥሪ በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት በላይ አይፈልግም። ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባም ከ1 እስከ 4 ሜጋቢት ይበቃዋል። 100 ሜጋ የሚያሳይ መስመር በየመሃሉ ለአምስት ሰከንድ ጥፍት የሚል ከሆነ ምን ያደርግልኛል? ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሲናገር ቁጥሩ ከተዋጠ ጣጣው ብዙ ነው። 5 ሜጋ ብቻ ይሁን፣ ግን አይቆራረጥ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ተነስቶ ነው።

ስፒድ ቴስቱን በደንብ አንብቡት

ስፒድ ቴስት ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ትልቅ ቁጥር ዳውንሎድ ነው። እሱን አይታችሁ አትደሰቱ። ስብሰባ ላይ የእናንተ ምስልና ድምፅ የሚወጣው በአፕሎድ ነው። ሞባይል ኔትወርክ ላይ ሲግናል ሲደክም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀውም አፕሎድ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ታወሩ በትልቅ ኃይል ያስተላልፋል፤ የእናንተ ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ዋት አያልፍም። እናንተ ታወሩን ትሰሙታላችሁ፣ እሱ ግን እናንተን ለመስማት ይቸገራል። «ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ዩቲዩብም ይከፍታል፣ ስብሰባ ላይ ግን ድምፅሽ ይቆራረጣል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ፒንግን እዩ። መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ጥሪ የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ መዘግየት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ መናገር ይጀምራሉ። እኔ ፒንጉ ከ100 በታች ከሆነ እረጋጋለሁ። ጂተር የሚባለውንም አትለፉት። የፒንጉን መወዛወዝ ነው የሚነግራችሁ። 80 ላይ ተረጋግቶ የሚቆም ፒንግ፣ ከ20 ወደ 200 ከሚዘል ፒንግ በብዙ ይሻላል።

አንድ ሙከራ ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያደርገውም። ማንም ምንም ሳይልክ ፒንግ ለኩ። ከዚያ ትልቅ ፋይል አፕሎድ እያደረጋችሁ እንደገና ለኩ። እኛ ጋ ባለቤቴ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር 45 የነበረው ፒንግ 900 ድረስ ይወጣ ነበር። ሲግናሉ ያው ነው፣ መስመሩም አልጠፋም። ሞደሙ (ከታወሩ ጋር የሚገናኘው ክፍል) የሚላከውን ፋይል ወረፋ አስይዞ ይደረድረዋል፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ ከወረፋው ጭራ ይቆማል። መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ነው። ኤስኪውኤም የሚባል፣ ይህን ወረፋ የሚያስተካክል አማራጭ ያለው ራውተር ካላችሁ አብሩት። ከዚያ የአፕሎዱን ጣሪያ ከለካችሁት ከ80 እስከ 90 በመቶው ላይ ወስኑት። እኛ ይህን ካደረግን ወዲህ እሱ እየላከ እኔ ጥሪ እቀበላለሁ። ፋይሉ ትንሽ ይዘገያል፣ እሱም ትንሽ ያጉረመርማል፣ ግን ሁለታችንም እንሠራለን። ራውተራችሁ ይህ ከሌለው ቀላሉ ዘዴ በስብሰባ ሰዓት ፋይል መላክ ማቆም ነው።

ሁለት ሲም፣ ሁለት ታወር

ለአብዛኛው ሰው ዋናው መስመር ሞባይል ኔትወርክ ነው። አንድ ሲም ብቻ ይዞ መሥራት ግን አይቻልም። ሁለት ያስፈልጋል፣ ያውም ከተለያየ ኩባንያ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ አነስተኛ ኩባንያዎች የራሳቸው ታወር የላቸውም። ከትልልቆቹ ተከራይተው ነው የሚሸጡት። ስማቸው ተለያየ ብላችሁ ሁለት ሲም ስትገዙ ሁለቱም አንድ ታወር ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ታወሩ ሲወድቅ ሁለቱም እኩል ይሞታሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የማንን ኔትወርክ እንደሚጠቀሙ ጠይቁ።

«ያልተገደበ» የሚለውን ቃልም በጥርጣሬ እዩት። ስልኩ ላይ ያልተገደበ ሆኖ ሆትስፖቱ የሚገደብበት ፓኬጅ ብዙ ነው። የተወሰነ ጊጋ ካለፈ ፍጥነቱን የሚያወርድም አለ። ሌላው ደግሞ ታወሩ ሲጨናነቅ እናንተን ወደ ኋላ ገፍቶ ውዱን ፓኬጅ የገዛውን ያስቀድማል። ሌሊት 60 ሜጋ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ 1 ሜጋ የምታገኙት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ።

ድንበር የምታቋርጡ ከሆነ ሮሚንግ ላይ፣ ማለትም የአገራችሁን ሲም ውጭ አገር በመጠቀም ላይ ብቻ አትደገፉ። ሮሚንግ ላይ ዳታው ብዙ ጊዜ ወደ ሲሙ አገር ዞሮ ነው የሚመለሰው። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ፒንጉ ሰማይ የሚነካው ለዚህ ነው። የደረሳችሁበትን አገር ኢሲም (ካርድ ሳይገባ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) መግዛት ይሻላል። ስልካችሁም ሆነ ራውተራችሁ ኢሲም መቀበሉን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

የስልክ ሆትስፖት ለአንድ ቀን ይበቃል። ለኑሮ ግን አይሆንም። ስልኩ ይግላል፣ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይዛችሁት ስትወጡ ቤት የቀረው ሰው ኢንተርኔት ያጣል። ሲም የሚቀበል፣ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ የውጪ አንቴና መሰኪያ ያለው ራውተር ግዙ። የሚቀበላቸውን ባንዶች፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ ክልሎችም እዩ። ከ600 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ያሉት ሩቅ ይሄዳሉ፣ ግድግዳም ይበሳሉ፤ ገጠር ላይ የሚያድኑን እነሱ ናቸው። ከ1800 በላይ ያሉት ብዙ ዳታ ይሸከማሉ፣ ግን ቶሎ ይደክማሉ። ከሌላ አህጉር በርካሽ የመጣ ራውተር የእናንተን አካባቢ ዝቅተኛ ባንድ ካልያዘ፣ ከተማ ውስጥ አንበሳ ሆኖ ገጠር ሲወጣ ዝም ይላል።

ቦታ መምረጥና ራውተር ማስቀመጥ

ከዚህ ሁሉ ዕቃ በላይ ለውጥ የሚያመጣው የምትቆሙበት ቦታ ነው። የኩባንያዎቹ የሽፋን ካርታ በአብዛኛው በስሌት የተሠራ ነው፤ ከተራራ ጀርባ ያለችውን ሸለቆ አያውቃትም። እኔ ሴልማፐርና ኦፕንሲግናል ላይ ሰዎች በስልካቸው የለኩትን አያለሁ። ካምፕ ቦታ ሲሆን ደግሞ ደውዬ «የየትኛው ኩባንያ ስልክ ነው እዚያ የሚሠራው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ዋይፋይ አለ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሁሉም አለ ይላል።

ስንደርስ መኪናውን ከማደላደላችን በፊት እንለካለን። የመኪናው ማረጋጊያ እግር ከወረደ፣ ውኃው ከተሰካ በኋላ ማን ይነሳል? ስልኩ ላይ ሲግናል የሚያሳዩትን ትንንሽ መስመሮች አትመኑ። የመስመሮቹ ቁጥር ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ አንዱ አራት የሚለውን ሌላው ሁለት ይለዋል። የሚታመነው ዲቢኤም በሚባለው የሲግናል ኃይል መለኪያ የሚነበበው ቁጥር ነው። አንድሮይድ ላይ ስለ ስልኩ በሚለው ክፍል፣ የሲም ሁኔታ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ስትደውሉ የፊልድ ቴስት ገጽ ይከፈታል። አርኤስአርፒ የሚለውን ፈልጉ፤ ከታወሩ የሚደርሳችሁ ሲግናል ጥንካሬ ነው። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ከ-90 ከተሻለ ጥሩ ነው። -100 አካባቢ ያሠራል። -110 ሲደርስ መቸገር ይጀመራል፣ -120 ላይ ቦታ ቀይሩ። ከጎኑ ሲናር የሚል ካለ እሱንም እዩ። ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው የሚለው። ከ20 በላይ ግሩም ነው፣ ከዜሮ በታች መጥፎ ነው። ሲግናሉ ጠንክሮ ሲናሩ ከወደቀ በሩቅ ያሉ ብዙ ታወሮች እየተደባለቁባችሁ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከመቆም ይልቅ ኮረብታው ከሚረብሹት ታወሮች እንዲጋርዳችሁ አድርጎ መቆም ይረዳል።

አርቪ ራሱም ጠላት ነው። ገላው አሉሚኒየም ከሆነ ሲግናል አያስገባም። ሙቀት የሚከላከለው መስታወትም ብዙ ጊዜ ስስ የብረት ሽፋን አለው። የእኛን ራውተር የማስቀምጠው እንዲህ ነው። ስልኩን ፊልድ ቴስት ላይ አድርጌ ውስጡን በዝግታ እዞራለሁ። ቁም ሳጥኑ ጋ -112 ይላል። ጠረጴዛው ላይ -108። የኋላው መስኮት ጥግ፣ ከመጋረጃው ሥር፣ -99። እዚያው ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሳደርገው -96። አንድ ስንዝር ለውጥ ማምጣቱ የሚያስገርም አይደለም፤ በ1800 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ከግድግዳ እየነጠረ የሚመጣው ሞገድ አንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋል፣ ቀጥሎ ይጠፋፋል። ቁጥሩ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ቆዩ። በ3 ዲቢ መሻሻል ማለት ኃይሉ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ከቁም ሳጥኑ እስከ መስኮቱ ጥግ ያገኘሁት 16 ዲቢ በገንዘብ አይገዛም። ራውተሩ ግን ፀሐይ ቀጥታ እንዳይመታው፤ ሲግል ይዝላል።

ይህ ካልበቃ አንቴና ነው። ጣሪያ ላይ የሚሰካው ዙሪያውን የሚሰማ አንቴና ለተጓዥ ይመቻል። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ፓነል ግን በምሰሶ ላይ ሰቅላችሁ ወደ ታወሩ ስታዞሩት ይበልጠዋል። አራት ሜትር ከፍ ማለት ብቻውን ከዛፍና ከጎረቤት መኪና በላይ ያወጣችኋል። ዘመናዊ ሞደም ሁለት ወይም አራት መሰኪያ አለው፤ ሁሉንም አገናኙ፣ አንዱን ብቻ ከሰካችሁ ፍጥነቱ ይጎድላል። ገመዱን አሳጥሩት። ቀጭን ገመድ በየሜትሩ ሲግናል ይበላል፤ ረጅም ከሆነ አንቴናው የጨመረውን መልሶ ይወስደዋል።

ቡስተር፣ ማለትም የሲግናል ማጉያ፣ ብዙ ሰው የሚገዛው ዕቃ ነው። እኔ ብዙም አልወደውም። ሲግናሉን ሲያጎላ ጫጫታውንም ያጎላል፤ ብዙዎቹም የሞደሙን በብዙ አንቴና የመሥራት ጥቅም ያስቀራሉ። አፕሎድ ለደከመበትና ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሊጠቅም ይችላል። የውጪውና የውስጡ አንቴና ከተቀራረቡ ግን እርስ በርስ ይጯጯሃሉ፣ አርቪ ደግሞ አጭር ነው። በአንዳንድ አገር ያልተፈቀደ ቡስተር መትከል ስለሚያስቀጣ ሕጉን ጠይቁ።

ሳተላይት

ስታርሊንክ ለኛ ዓይነት ኑሮ ብዙ ነገር ቀይሯል። የድሮው የሳተላይት ኢንተርኔት ከምድር 35,786 ኪሎሜትር ላይ ካለ ሳተላይት ጋር ነበር የሚያወራው። ብርሃን ራሱ እዚያ ደርሶ መመለሱ ጊዜ ይፈጃል፣ ፒንጉ 600 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። በዚያ ማስተርጎም አይታሰብም። ስታርሊንክ ከ600 ኪሎሜትር በታች ስለሚዞር ፒንጉ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 60 ይሆናል። ለድምፅ በቂ ነው።

ችግሩ ዛፍ ነው። ሳተላይቶቹ ስለሚሮጡ ሳህኑ ሰፊ ሰማይ ማየት አለበት። አንድ ቅርንጫፍ ሲጋርደው መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ፊልም የሚያይ ሰው አያስተውለውም፤ ቀድሞ የወረደው ይሸፍንለታል። ጥሪ ላይ ያለ ሰው ግን ወዲያው ይሰማዋል። ስለዚህ «ስታርሊንክ ምርጥ ነው» የሚላችሁን ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁት። አፑ ውስጥ በካሜራ ሰማዩን የሚቃኝ መሣሪያ አለ። ከመቆማችሁ በፊት ተጠቀሙበት። ሳህኑን ጣሪያ ላይ ከማሰር ረዘም ያለ ገመድ ይዞ ከዛፉ ጥላ ማውጣት ይሻላል፤ መኪናው ጥላ ውስጥ፣ ሳህኑ ፀሐይ ላይ። በምትሄዱበት አገር ፈቃድ እንዳለውም አጣሩ፣ በሁሉም ቦታ አልተፈቀደም።

መብራቱንም አስቡ። መደበኛው ሳህን ከ75 እስከ 100 ዋት ይጠቀማል። ለ8 ሰዓት ሥራ ከ600 እስከ 800 ዋት ሰዓት ማለት ነው። 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 1280 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ግማሹን ኢንተርኔት በላው። ከዚያ ላይ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር የራሱን ይቆርጣል። በ2024 የወጣው ስታርሊንክ ሚኒ ከ25 እስከ 40 ዋት ነው፣ በቀጥታ ከ12 ቮልት መሥራትም ይችላል። በሶላር ብቻ ለሚኖር ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የካምፕ ዋይፋይ? አፕዴት ለማውረድ ይሁን። ሥራ አትደገፉበት። ማታ ሁሉም ሰው ፊልም ሲከፍት አንዱ መስመር ለመቶ ሰው ይከፋፈላል፤ የእናንተ አንቴና ጠንካራ መሆኑም ምንም አይለውጥም።

መስመሮቹን ማጣመር

ሁለት መስመር ካላችሁ ራውተሩ በራሱ እንዲቀያይር አድርጉ። ፌይልኦቨር ይሉታል። አንዱ ሲሞት ወደ ሌላው ይሄዳል። ለኢሜይልና ለፋይል በቂ ነው። ለጥሪ ግን አይበቃም፤ ሲቀየር የኢንተርኔት አድራሻችሁ ስለሚለወጥ ጥሪው ሊቋረጥ ይችላል። ጥሪው ሳይቋረጥ እንዲሻገር የሚያደርገው ቦንዲንግ ነው። ሁለቱም መስመር በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ መሃል ላይ ያለ ሰርቨር መልሶ ያገጣጥማቸዋል። ስፒዲፋይ የሚባለው ፕሮግራም በላፕቶፕ ይሠራል፤ የፔፕሊንክ ኩባንያ ዕቃ ደግሞ በራውተር ደረጃ ይሠራል። የድምፅ ሰው ከሆናችሁ አንድ ዓይነት ዳታ በሁለቱም መስመር በአንድ ጊዜ የሚልከውን አማራጭ ምረጡ። ዳታ ይበላል፣ ግን ድምፅ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም። እኔ ገንዘብ የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ቪዲዮ ብቻ ለሚልክ ሰው ግን አልመክርም፤ ፋይሉ ቢቋረጥም ይቀጥላል።

የሥራ ላፕቶፓችሁ የድርጅት ቪፒኤን (ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ በምስጢር የሚያስገባ መስመር) ካለው ቀድማችሁ ሞክሩት። ከቦንዲንግ ጋር አንዳንዴ ይጣላል። አንዳንድ አሠሪ ከሌላ አገር መግባትንም ይዘጋል፤ ሳትነሱ ጠይቁ።

ዳታ የሚያልቀውም በሥራ ብቻ አይደለም። የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ ስብሰባ ከ1 እስከ 2.5 ጊጋ ሊወስድ ይችላል፤ ኤችዲ ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋ። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው የሚወርድ አፕዴትና ወደ ክላውድ የሚሄድ ፎቶ አለ። ዊንዶውስ ላይ መስመሩን ሚተርድ (ዳታ የሚቆጠብበት) አድርጉት፣ አይፎን ላይ ሎው ዳታ ሞድ አብሩ፣ የክላውዱን ሲንክ አቁሙት። ጥሪ ላይ መስመሩ ሲያስጨንቅ መጀመሪያ ካሜራ ይጥፋ። ስብሰባው በስልክ መግቢያ ቁጥር ካለውም ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ዳታው ሞቶ ተራ ጥሪ የሚሠራበት ቦታ ብዙ ነው።

ትልቅ ጥሪ ካለኝ ከዋዜማው እዚያ ቦታ ላይ ነኝ፣ በዚያው ሰዓትም ለክቼዋለሁ። ጠዋት የለካችሁት ለማታ አይሠራም። በምንጓዝበት ቀን ደግሞ ጥሪ አልቀበልም። ሞደሙ ከታወር ወደ ታወር እየዘለለ ነው፤ መሃል ላይ ዋሻ ወይም ገደል ይመጣል። ለባለቤቴ ግን የሚመቸው ያኔ ነው። የሚልክበት ፕሮግራም ከተቋረጠበት የሚቀጥል ዓይነት ነው፣ ከተማ በደረስን ቁጥር ጥሩ ታወር ያገኛል። ማለዳ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክቶ «ላክ» ይለዋል፣ ቀበቶውን ያስራል። ማታ ስንቆም ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ደርሷል።